የአኳሪየሙ አሸዋ ከየት መጣ? ከነታንያ ባሕር ዳር እስከ ሰሜን ተራሮች

ለምታነቡን፦ ይህ የዛሬው ክፍል ጽሑፍ ነው። እንደ ሁልጊዜው የተናገርኩትን ትንሽ አስተካክዬ ነው ያስቀመጥኩት። ዕብራይስጥ ሹልክ ብሎ የገባበት ቦታ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነታንያ ነው፤ አማርኛዬም ግማሹ ከአያቴ ጓዳ፣ ግማሹ ከትምህርት ቤት የተለቀመ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሸዋ ነው። አዎ፣ ስለ አሸዋ። "ይቺ ልጅ ርዕስ አለቀባት" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። (ሳቅ) ግን አንድ ጊዜ ስሙኝ። ለወንድሜ አኳሪየም ርካሽ አሸዋ ልፈልግ ብዬ የገባሁበት ታሪክ ከሰሜን ተራሮች ተነሥቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ፣ እዚህ ሄርጽል ጎዳና ጫፍ ላይ ያለው ባሕር ዳር ድረስ ነው ያመጣኝ።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሜ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ አኳሪየም። ጎረቤታችን ሊጥሉት የነበረ የመስታወት ገንዳ ሰጡን፤ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ገንዳው በነጻ፣ የውሃ ማጣሪያው በርካሽ ተገኘ። ከሥር የሚነጠፈው አሸዋ ላይ ስንደርስ ግን ዋጋው አስደነገጠን። በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው የአኳሪየም አሸዋ፣ ለኛ ገንዳ የሚበቃውን ያህል ቢገዛ፣ ዓሦቹን ሁሉ ከምንገዛበት ይበልጣል። ወንድሜም "ለምን እንገዛለን? ባሕሩ እዚህ አይደል እንዴ!" አለ። እውነቱን ነበር። ነታንያ ላይ ተቀምጦ አሸዋ መግዛት፣ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ድንጋይ እንደ መግዛት ነው።

የአያቴን የገበያ ጋሪ ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እኔም ታላቅ ነኝ ባይ "ተው" አላልኩትም። ሁለቴ ለቅለቅ አድርገን ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሞላነው። ውሃ ጨመርን። በዚያው ቀን ስምንት ዓሣ ለቀቅንበት። በአምስተኛው ቀን ስድስቱ ሞቱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ አሸዋው ውስጥ፣ በመስታወቱ በኩል የሚታይ ጥቁር ጥቁር ነገር ወጣ፤ በእንጨት ነካ ሲያደርጉት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አያቴ ልትጠይቀን መጥታ ክዳኑን ከፈተችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። "ልጄ፣ ይሄ አሸዋ ታሟል" አለች። ወንድሜ አለቀሰ። እኔ ደግሞ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ሰው ሲያለቅስ የማውቀው ነገር ቢኖር ማንበብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሟቾቹ እውነቱን ልናገር። የገደላቸው አሸዋው ሳይሆን የኛ ጥድፊያ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ይህን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት በማጣሪያው ውስጥና በእያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ እስኪራቡ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛ ቤቱ ሳይሠራ እንግዳ ጠራን። ሽታው ግን የአሸዋው ጥፋት ነው፤ ማለትም የኛ የአሸዋ አጠቃቀም ጥፋት። የነታንያ ባሕር አሸዋ ደቃቅ ነው፤ ከፍ ተደርጎ ሲከመር ይጠቀጠቃል፣ አየር አያስገባም፤ አየር በሌለበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሠልጥኖ ያንን የእንቁላል ሽታ ያወጣል።

ሦስተኛም ጥፋት ነበር፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

እስቲ ወደ ታሪኩ። ሰው ቤቱ ውስጥ ዓሣ በመስታወት ማኖር የጀመረው ሩቅ አይደለም። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን ኬሚስት አንድ ሙከራ ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። በ12 ጋሎን የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦች፣ ቫሊስኔሪያ የሚባል የውሃ ውስጥ ሣር፣ ከሥሩ ደግሞ አሸዋ፣ ጭቃና ድንጋይ አደረገ። ሣሩ ሲበሰብስ ውሃው ደፈረሰበት፤ ቀንድ አውጣ ጨመረበትና ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን እየበላ አጠራለት። ሣር ለዓሣ ኦክሲጅን ይሰጣል፣ ዓሣ ለሣር ምግብ ይሰጣል፣ ቀንድ አውጣው ቤት ይጠርጋል። እስከ ዛሬ የማንኛውም የቤት አኳሪየም ሐሳብ ይኸው ነው። ሰውየው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ሳይለውጥ ያኖራቸው ነበር፤ እኛ በአምስት ቀን ስድስት ቀበርን።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ለሕዝብ የዓሣ ቤት ከፈተ። በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ "አኳሪየም" የሚለውን ስም ርዕስ ያደረገ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቃሉ በየቤቱ የገባው ያኔ ነው። ከዚያማ እብደት ሆነ። የእንግሊዝ ቤተሰብ ሁሉ ቅርጫትና ማሰሮ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ፤ ድንጋዩንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ የባሕር አበባውንም እየለቀመ ወደ ቤቱ ጫነ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፉ ላይ፣ አባቱ ያስወደደው ነገር ያን ውብ ባሕር ዳር እንዳራቆተው በሐዘን ጽፏል። ይህን ሳነብ የአያቴ የገበያ ጋሪ ትዝ አለኝ።

ገንዳው ራሱስ? መስታወት ማለት እኮ የቀለጠ አሸዋ ነው። እዚህ ላይ የኛ ዳርቻ ከለንደን በፊት ረጅም ታሪክ አለው። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ፣ በአንደኛው መቶ ዘመን በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ መስታወት የተገኘው አካ አጠገብ ባለው በቤሉስ ወንዝ አፍ ላይ ነው ይላል፤ ዛሬ ናዓማን የምንለው ወንዝ ማለት ነው። መርከበኞች ናትሮን የሚባል ጨው ጭነው መጡ፤ ምግብ ሊያበስሉ ጉልቻ ቢፈልጉ ድንጋይ አጡ፤ የናትሮኑን ቁራጭ ጉልቻ አደረጉት፤ እሳቱ ሲነድ ናትሮኑና አሸዋው ተዋሕደው ቀለጡና አዲስ ፈሳሽ ፈሰሰ፤ ታሪኩ ይሄ ነው። ተረት ነው እንግዲህ። መስታወት ከዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሜሶጶጣሚያና በግብፅ ይሠራ ነበር፤ የወጥ ማብሰያ እሳትም ለዚያ የሚበቃ ሙቀት የለውም።

ስለ አሸዋው ግን ፕሊኒ አልተሳሳተም። የዚያ አካባቢ አሸዋ ከኳርትዝ ቅንጣት ጋር የተፈጨ የዛጎል ኖራ ተቀላቅሎበታል፤ ኖራው ደግሞ መስታወቱ በውሃ እንዳይሟሟ የሚያጸናው ነው። ስለዚህ የመስታወት ሠሪዎች ሠፈር እዚሁ ዳርቻ ላይ ነበር። ከኛ ወደ ሰሜን፣ ሐዴራ አጠገብ ቤት ኤሊዔዜር ላይ፣ በ1990ዎቹ አሥራ ሰባት የጥንት የመስታወት ምድጃዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ወደ ደቡብ፣ ሄርጸሊያ አጠገብ አፖሎንያ ላይም ሌሎች አሉ። ቤት ሸዓሪም ዋሻ ውስጥ ደግሞ ዘጠኝ ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ሳይሳካ የቀረ አንድ የመስታወት ጥፍጥፍ እስካሁን እዚያው ተኝቶ አለ። ሂዱና እዩት፤ ሰው ሲከሽፍበትም እንዲህ ነው ያሰኛል።

የሚገርመው፣ አያቴ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስትመጣ መጀመሪያ ያረፈችው አካ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ በነበረው የካራቫን ሠፈር ነው። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት የምትነግረኝ ስለ መስታወት ወይም ስለ ሮማ አይደለም። "ነፋስ ሲነሣ አሸዋው በበሩ ሥር ይገባል፤ ጠዋት ጠርጌ ማታ እጠርጋለሁ" ነው የምትለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ይህ ሁሉ አሸዋ ከየት መጣ? ነታንያ ላይ የባሕሩ ዳር በሙሉ ገደል ነው፤ ገደሉ ኩርካር ይባላል። ኩርካር ማለት ድሮ ነፋስ የከመረው የአሸዋ ጉብታ በኖራ ተጣብቆ ድንጋይ የሆነ ነው። አሸዋውን ያመጣው ግን ባሕሩ ነው፤ ለባሕሩ የሰጠው ደግሞ ዓባይ ነው። ዓባይ ደለሉንና አሸዋውን ሜዲትራኒያን አፍ ላይ ያራግፋል፤ ማዕበልና የባሕር ሞገድ ያንን አሸዋ በሲና ዳርቻ፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በቴል አቪቭ እያለ ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል። የጉዞው መጨረሻ የሐይፋ ባሕረ ሰላጤና አካ ነው። ከአካ ወዲያ ያለው አሸዋ ሌላ ነው፤ በአብዛኛው የአካባቢው ዛጎልና የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ። ነታንያ እንግዲህ የመንገዱ መካከል ናት። አባቶቻችን "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ይላሉ። ግንዱን ያዩ ሰዎች ተረቱን ተረቱ፤ አሸዋው ማደሪያ ማግኘቱን ግን አላወቁም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። ይህን ባነበብኩ ሰሞን አንድ የኮርስ ገለጻ ነበረብኝ። በኩራት ተነፋሁ። "ይህ የምትረግጡት የነታንያ አሸዋ ከኢትዮጵያ ተራሮች የመጣ ነው፤ አሸዋው ከኛ ቀድሞ ነው ዓሊያ ያደረገው" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። እኔም ቢሆን ያን ዓረፍተ ነገር የፈለግሁት ለዚያ ነበር። ሠፈራችን ውስጥ የሚያድግ ልጅ "ከየት ነህ?" ተብሎ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ "ከዚሁ" ቢል የሚያምነው ጥቂት ነው። አሸዋው ሊመሰክርልኝ ነበር። አስተማሪው ግን ዝም ብለው አዳመጡና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "የኢትዮጵያ ተራሮች ባዛልት ናቸው። ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ የት አለ?" መልስ አልነበረኝም። ቁጭ አልኩ።

መልሱን ለመፈለግ ሌላ አንድ ወር ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዋና ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ እሳተ ገሞራ የተሠራ ነው፤ ይህ ጥቁር ድንጋይ ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል። የነታንያ አሸዋ ደግሞ አብዛኛው ነጭና ቢጫማ ኳርትዝ ነው። ይህ ኳርትዝ የሚመጣው ዓባይ ወደ ታች ሲወርድ ከሚያገኛቸው እጅግ ካረጁ አለቶችና በሱዳንና በግብፅ በረሃ ካሉ የአሸዋ ድንጋዮች ነው። ታዲያ የኛ ተራራ የሰጠው ምንድነው? ደለሉን። ግድብ ከመሠራቱ በፊት ዓባይ በዓመት 120 ሚሊዮን ቶን ያህል ደለል ይሸከም ነበር ይባላል፤ ከዚያ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከጥቁር ዓባይና ከአትባራ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ነጭ ዓባይ ከሞላ ጎደል ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ደለሉ ደቃቅ ስለሆነ ባሕሩ ውስጥ ሩቅ ይበተናል፤ አሸዋው መካከል የሚቀረው ጥቁር ጥቁር ከባድ ቅንጣት ነው። ከነዚህ ጥቁር ቅንጣቶች ውስጥ ኦጋይት የሚባለው ማዕድን በዋናነት የኢትዮጵያ ባዛልት ልጅ ነው።

ስለ ጎንደርም የገባኝ ነገር አለ። ወደ ጣና የሚወርደው ጎርፍ አብዛኛውን ደለሉን ሐይቁ ውስጥ ያስቀራል፤ ጣና እንደ ትልቅ ገበቴ ያጠልለዋል። በሰሜን ተራሮች በኩል በተከዜ የሚወርደው ግን ወደ አትባራ፣ ከአትባራ ወደ ዓባይ ነው። ስለዚህ ከኛ አገር አፈር ተጓዥ ካለ፣ በተከዜና ከጣና በታች ባለው በዓባይ ሸለቆ በኩል ነው የተጓዘው።

ሌላም የማልጠብቀው ማስረጃ አገኘሁ፤ ከመስታወቱ በኩል። የጥንት መስታወት የሚመረምሩ ሰዎች አንድ ስባሪ መስታወት በየትኛው አገር አሸዋ እንደተሠራ ለማወቅ ኒዮዲሚየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለካሉ። ይህ ንጥረ ነገር በብዛት የሚቀመጠው በነዚያ ከባድ ጥቁር ቅንጣቶች ውስጥ ነው። ከአባይ የመጣው የዚህ ዳርቻ አሸዋ ከአውሮፓ ባሕር ዳር አሸዋ የሚለይበት የራሱ ልኬት አለው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ደግሞ በአንጻሩ ገና ወጣት የሆነው የኢትዮጵያ ባዛልት ነው። ማለት፣ በሮማውያን ዘመን እዚህ ተሠርቶ ወደ አውሮፓ የተላከ መስታወት ሲገኝ፣ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ በውስጡ ያለች ያቺ ጥቂት የተራራችን ትቢያ ናት። ይህን ለአስተማሪው ላክሁላቸው። "አሁን ገና ጥሩ ነው" ብለው መለሱ። በአማርኛ ቢሆን ምርቃት ነበር የምጠብቀው፤ ይሁን።

አሸዋው ግን ዛሬ እንደ ድሮው አይመጣም። አስዋን ላይ የመጀመሪያው ግድብ በ1902 ተሠራ፤ ትልቁ ግድብ ግንባታው በ1960 ተጀምሮ በ1970 ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ደለሉም አሸዋውም ከግድቡ ኋላ ይቀራል። የኢትዮጵያው የተከዜ ግድብም፣ በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብም የየድርሻቸውን ደለል ይይዛሉ። አሁን ወደኛ የሚመጣው አሸዋ የግብፅ የዓባይ አፍ ዳርቻ ራሱ እየተሸረሸረ የሚሰጠው ነው። በዚያ ላይ በመንገዱ ወደቦች አሉ። የአሽዶድ ወደብ በ1965 ተከፈተ፣ የሄርጸሊያ ማሪና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፤ አሸዋው ወደ ሰሜን ሲጓዝ በነዚህ ግንቦች ይያዛል።

ከግድቡ በፊት ደግሞ እኛው በልተነዋል። "ዚፍዚፍ" የሚለውን ቃል ከሽማግሌ እስራኤላውያን ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከባሕር ዳር የሚዛቅ ሸካራ፣ ዛጎል የበዛበት አሸዋ ነው፤ ለሲሚንቶ ቡኬት የሚሆን። በእንግሊዞች ጊዜ በግመል ሰልፍ እየተጫነ ሲወሰድ የሚያሳዩ ፎቶዎች ብዙ ናቸው። ነታንያ በ1929 ስትመሠረት ይህ ዳርቻ በሙሉ የግንባታ ዘመን ላይ ነበር፤ ቴል አቪቭ ውስጥማ ሲሊካት የሚባለው ፋብሪካ ከአሸዋና ከኖራ ጡብ ይሠራ ነበር። አገር ሲመሠረት፣ ስደተኛው ሲበዛ፣ ቤት ሲያስፈልግ፣ ዚፍዚፉ በግመል መሆኑ ቀርቶ በካሚዮን ሆነ። በሚሊዮን የሚቆጠር ኩብ ሜትር ነው የተዛቀው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሕግ ወጥቶ ተከለከለ፤ ግን ባሕር ዳሩ ጠቧል። ዳርቻው ሲጠብ ማዕበሉ የገደሉን እግር ይመታል፤ ገደሉ ይናዳል። የነታንያ ሰው "ወደ ገደሉ አትጠጉ" የሚለውን ምልክት ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ጥፋታችን ይኸውላችሁ። በ2004 የወጣው የባሕር ዳር አካባቢ ጥበቃ ሕግ ዳርቻውን መጉዳት ይከለክላል። አንድ የገበያ ጋሪ ምን ይጎዳል ትሉኝ ይሆናል። የጎስ ዘመን እንግሊዞችም አንድ አንድ ቅርጫት ብቻ ነበር የያዙት። ስለዚህ አሸዋውን ከገንዳው አወጣነው፣ ሚርፔሴት ላይ አሰጣነው፣ ሽታው ሲለቅ በዚያችው ጋሪ መለስነው። መመለሱ ከማምጣቱ ይከብዳል፤ ሰውም ያይሃል።

ታዲያ ርካሽ አሸዋ ምን እንግዛ? አሁን የጠየቃችሁኝን በሙሉ እነግራችኋለሁ፤ ባለፈው ክፍል ሥር መልእክት የጻፋችሁ እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የዓሣ ቤቱን ትንሽ ከረጢት ትታችሁ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠውን የኳርትዝ አሸዋ ፈልጉ፤ በ25 ኪሎ ከረጢት ይመጣል። የገንዳ ዕቃና የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ቦታዎች ይይዙታል። የታጠበና የተነፋ ስለሆነ ቅንጣቱ እኩል ነው፤ በግምት ከግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ያለውን ምረጡ። ከዚያ የደቀቀው ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ የገዘፈው ደግሞ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ያስገባል። ቀለም የተቀባውን ተዉት። የግንባታ አሸዋም አይሆንም፤ ሸክላ አፈር አለበት፣ ማን ምን እንደጨመረበትም አይታወቅም። የልጆች መጫወቻ አሸዋ ይሆናል፤ ግን ማጠቡ ያለቅሳችኋል።

የኳርትዝ አሸዋ በዚህ አገር ለረጅም ዘመን ሲዛቅ የኖረው ከኔጌቭ፣ ከትልቁ ማኽተሽ ነው፤ ለመስታወት ፋብሪካም ከዚያው ነበር የሚወሰደው። እሱም አሸዋ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ቀይ ባሕር ገና ሳይከፈት፣ ከደቡብ በወንዝ የመጣ ነው ሲባል ስሰማ እኔ ሳቅሁ። ይህ አገር ውስጥ ከደቡብ ያልመጣ አሸዋ አይገኝም እንዴ!

ስንት ይበቃል? ርዝመት በወርድ በከፍታ ነው። የኛ 60 በ30 ገንዳ አራት ሳንቲ ሜትር እንዲነጠፍ 7.2 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን 11 ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ ከረጢት ለሁለት ቤት ይሆናል፤ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ አትከምሩ፤ እኛ ያን ያህል ከምረን ምን እንዳገኘን ሰምታችኋል።

ሲገዙት መሞከሪያ አለው። ጥቂት በብርጭቆ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ቢፍለቀለቅ ኖራ አለበት። የባሕር አሸዋችን ይፍለቀለቃል፤ ያ የዛጎሉ ኖራ ነው፣ ለሮማ መስታወት ሠሪ በረከት የነበረው። ለዓሣ ግን እንደ ዓሣው ነው። ኖራ ውሃውን ያከብዳል፤ እንደ ጉፒና ሞሊ ያሉት፣ የማላዊ ሐይቅ ዓሦችም፣ ከባድ ውሃ ይወዳሉ፤ ከአማዞን የመጡት አብዛኞቹ አይወዱም። የኛ የቧንቧ ውሃ ራሱ ኖራ አያጣውም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው።

ማጠቡን በተመለከተ ያስተማረችኝ አያቴ ናት። አያቴ ከወለቃ ናት። ወለቃ ማለት ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው ሠፈር፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የሚሠሩበት። ልጅ ሆና አፈርና አሸዋ ስትለይ፣ ስትነፋ ነው ያደገችው፤ አሸዋ የበዛበት ጭቃ ቅርጽ አይዝም፣ ያነሰበት ደግሞ እሳት ላይ ይሰነጠቃል ትላለች። ከረጢቱን ስናመጣ ከውስጡ ጭብጥ አድርጋ በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችውና "ይሄ ንጹሕ ነው፤ ግን ዱቄት አለው" አለች። ትክክል ናት፤ ከረጢት ውስጥ ቅንጣት ከቅንጣት እየተፋተገ የሚፈጥረው ብናኝ አለ። ባልዲውን ሩብ ያህል ብቻ ሞላች። እኔ ባልዲ ሙሉ ነበር የማጥበው፤ ለዚህ ነው መቼም የማይጠራልኝ። ውሃውን በጎማ ከሥሩ ለቀቀችበት፣ በእጇ ምስር እንደምታንገዋልል አንገዋለለችው፣ ደፍራሹን ደፋችው፣ እንደገና። ሳሙና የለም፤ ሳሙና ትንሽ ቢቀር ለዓሣ መርዝ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። "መቼ ይበቃል እማዬ?" ስላት፣ "እጄን ከሥር ሳየው" አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። ደፍራሹን ውሃ የቤት ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፣ ይደፍነዋል፤ ዛፍ ሥር ድፉት።

ከዚያ እርጥቡን አሸዋ በገንዳው ሥር አንጥፋችሁ፣ ሳህን አስቀምጡበትና ውሃውን ሳህኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ አሸዋው አይነሣም። አንድ ሁለት ቀን ቢደፈርስ አትደንግጡ። ከዚያ ማጣሪያውን አብርታችሁ፣ አንድ ቅንጣት የዓሣ ምግብ በየቀኑ እየጣላችሁ፣ ያለ ዓሣ ወር ተቀመጡ። የአሞኒያ መለኪያ ግዙ፤ አሸዋው ላይ ባተረፋችሁት ገንዘብ ይገዛል። በሳምንት አንድ ጊዜ አሸዋውን በጣት ወይም በቀጭን እንጨት ገለጥ ገለጥ አድርጉት። አሸዋ ውስጥ የሚቆፍር የማሌዥያ ቀንድ አውጣ ቢኖራችሁ ይህን ሥራ ሌሊት ሌሊት ይሠራላችኋል፤ ግን ይራባል፣ በጣም ይራባል፣ አስጠንቅቄያለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የባሕሩን አሸዋ ከመመለሳችን በፊት፣ ሚርፔሴቱ ላይ ተሰጥቶ እያለ፣ ወንድሜ የፍሪጅ ማግኔት በፕላስቲክ ጠቅልሎ አሸዋው ላይ አንከባለለው። አኳሪየም የሚሠሩ ሰዎች ብረት እንዳይኖርበት ይህን ያደርጋሉ። ጥቁር ጥቁር ቅንጣቶች እንደ ጢም ተለጠፉበት። እኔ አሁን ጠንቃቃ ሆኛለሁና፣ ማግኔት የሚስበው ሁሉ የኛ ተራራ ልጅ እንዳልሆነ፣ ኦጋይቱን በማግኔት ብቻ መለየት እንደማይቻል፣ አንዳንዱ ከሌላ አለት ሊመጣ እንደሚችል ነገርኩት። "ግን አንዷ?" አለኝ። አንዷማ ልትሆን ትችላለች አልኩት። አንድ ማንኪያ የማይሞላውን ጥቁር አሸዋ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጨመረና ለአያቴ አሳያት። "ይሄ ከሰሜን ተራራ ሊሆን ይችላል" አላት።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙራ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "ሌላውን ሁሉ ለባሕሩ መልሳችሁ ይቺን ልታስቀሩ ነው?" አለችው። እሱም ዝም አለ። ቅዳሜ ማታ ሻባት ሲወጣ ሦስታችን ሲሮኒት ወረድን፤ ጋሪውን እኔ ነበርኩ የምገፋው። ብልቃጡን ወንድሜ ራሱ ደፋው፤ ማዕበሉ አንድ ጊዜ መጥቶ ወሰደው።

ገንዳው አሁን ደህና ነው። ሰባት ጉፒ አለን፤ ዛሬ ጠዋት ስቆጥር ደግሞ አሥራ ሁለት ሆነዋል፣ አምስቱ የምስር ፍሬ ያህላሉ። ለሚቀጥለው ክፍል አያቴ ስለ ወለቃ ሸክላ ራሷ ልታወራችሁ ቃል ገብታለች፤ ማይክሮፎኑን ካልፈራች። እስከዚያው ደህና ሁኑ፣ ሻሎም።